ጤነኛው እግር

ውሸት ነው የሚል ይበል። በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው። ዛሬም ሳወራው ምራቄ ይመረኛል።

በሰባ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ በጥር ወር፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። መካነ ሰላም፣ ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ። ለረሃቡ ጊዜ ሐኪም ቤት አድርገውት ነበር።

ወንድሜ አምባቸው ከደጎሎ ማዶ ሁለት ቀን እኔን ተደግፎ መጣ። ቀኝ እግሩ እሾህ ወግቶት በስብሷል። ግራው ደህና ነው፤ መንገዱ ትንሽ ልጦታል። ሁለቱንም በጨርቅ ጠቅልዬዋለሁ።

በደህናው እግር ላይ፣ ከጉልበቱ በላይ፣ ጥቁር ክር አስሬበታለሁ። እኛ አገር ክር የሚታሰረው ሕመሙ እንዳይሻገር በደህናው ላይ ነው።

ሐኪሙ "ጓድ ዶክተር" ካላሉት ዞር ብሎ የማያይ ሰው ነበር። ጨርቁን እንኳ አልፈታም። ክሩን የሕመም ምልክት አድርጎ አየና...

"ይሄ ይቆረጣል።"

"ኧረ ጌታው፣ ያኛው ነው!"

"የተማርኩት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?"

ከአውራጃ የመጡ ካድሬዎች ሥራውን ሊያዩ ቆመው ነበር። ሳቁለት።

ገፍተው አስወጡኝ። እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ የምሄድ ሴት አይደለሁም። በቆርቆሮው ቀዳዳ አጮለቅሁ።

ጨርቁን ቀደደው። ቆዳውን ሰነጠቀው።

ደሙ ቀይ ነው... ሥጋው ንጹሕ ነው... የሚሸት ነገር የለውም።

ያለው የሚባል ቁስል አጣቢ ጎንበስ ብሎ አንሾካሾከ።

"ጓድ ዶክተር... ጤነኛው እኮ ነው። አሁንም መልሶ መስፋት ይቻላል..."

ቢላው ቆመ።

ሐኪሙ ሥጋውን አየ። ማየቱን አየሁ። ገብቶታል!

ከዚያ ቀና ብሎ ካድሬዎቹን አያቸው።

"መጋዙን" አለ።

 

ሲጨርስ እጁን እየታጠበ ያፏጫል። "ሁለቱም በስብሰው ነበር" አላቸው። "ቀኙን ደግሞ ነገ።"

ሁለት እግር የሌለው አራሽ በዚያ ክፉ ቀን ምን ሊሆን? መሞት ነው እንጂ።

እግሩን በባልዲ ሰጡኝ።

"ጣይው" አለኝ አንዱ።

"አንተን ይጣልህ!" አልኩት።

በነጠላዬ ጠቅልዬ መጋዘኑ አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ብቻዬን ቀበርኩት። የት እንደሆነ ለማንም አልተናገርኩም።

ስመለስ አምባቸው ነቅቷል። ላብ አጥምቆታል።

"እታለም..."

"ወይ ወንድሜ።"

"አንድ ሰው እግሬን ይዞታል።"

"የቱን?"

"የሌለውን... ይጨምቀኛል። አስለቅቂልኝ..."

ቁስል አጣቢው ያለው ዓይኔን ማየት ፈርቷል። "የተቆረጠ ሁሉ እንደዚያ ይለዋል፣ እትዬ ፈንታዬ" አለኝ።

አልሰማሁትም። ወንድሜ ጩኸቱን ሲያቀልጠው ሮጬ ሄድኩ። አፈሩን በጥፍሬ ቧጠጥኩት።

ነጠላውን ገለጥኩ።

እግሩ ይሞቃል... ልክ እንደ ተኛ ሰው እግር።

ቁርጭምጭሚቱ ላይ ግን የአምስት ጣት አሻራ አለ። እጅ የለም። አሻራው ብቻ... ሥጋው ውስጥ እየሰመጠ...

ከመጋዘኑ በኩል የወንድሜ ጩኸት ድንገት ጸጥ አለ።

ጣቶቹ ግን አልለቀቁም። እያየሁት... አጥንቱ ተሰበረ።