አራተኛው ማንቬላ

ጋሼ ሳህሌ ሞተው የተገኙት ቅዳሜ ጠዋት ነው። በባዕድ አገር፣ ኦቤትስ በምትባል ከተማ ባለችው ትንሽ ቤታቸው ሳሎን ውስጥ በጀርባቸው ተንጋለው፣ ጭንቅላታቸው የእሳት ማንደጃው የጡብ ጠርዝ ሥር ወድቆ ነበር። ከሳሎኑ ወዲያኛው ጥግ ከአባታቸው የወረሱት ግራሞፎን ክዳኑ እንደተከፈተ ቆሟል። ሸክላው ከላዩ አለ። ሞላውን የሚጠመዝዙበት ማንቬላ፣ ያ ክርኑ የታጠፈ የብረት እጀታ፣ በቀኝ ጎኑ ካለው ቀዳዳ ገብቷል። ለሚያየው ሰው ነገሩ ግልጽ ይመስላል፤ ሽማግሌው ዘፈን ሊሰሙ ተነሱ፣ ራሳቸውን አዞራቸው፣ ወደቁ።

መርማሪ ፀደይ አምሳሉ ቶሎ ግልጽ የሚሆን ነገር አትወድም። በካውንቲው አስተዳደር የአስከሬን ምርመራ ቢሮ ስትሠራ ዓመታት አልፈዋል፤ ከአበሻ ቤት ጥሪ ሲመጣ የምትላከው እሷ ናት። ጭምብሏን አስተካክላ፣ ጓንቷን አጥልቃ፣ ከአስከሬኑ ይልቅ ግራሞፎኑ ፊት ብዙ ቆመች።

መርፌው ከሸክላው ላይ ተነስቶ ማረፊያው ላይ በወጉ ተቀምጧል። ፍሬኑ ተይዟል። የሚወድቅ ሰው መርፌ አንስቶ፣ ፍሬን ይዞ አይወድቅም። ደግሞም ማንቬላ የሚያዞር ሰው ወደ ፊቱ ያጎነብሳል፤ እሳቸው ግን የወደቁት ወደ ኋላ፣ ያውም ከሳሎኑ ሌላ ጫፍ ነው።

ፖሊሶቹ ፎቶ አንስተው ሲጨርሱ ፍሬኑን ለቀቀችው። ሸክላው በኃይል መሽከርከር ጀመረ፤ ጠብቃ ጠብቃ አልቆም ሲላት መልሳ ያዘችው። ሞላው ጥብቅ ብሎ ተጠምዝዟል ማለት ነው። ቀጥላ ማንቬላውን አዞረችው። ምንም ሳይከብዳት ባዶውን ዞረ። ሳብ ስታደርገው እንደ ማንኪያ ወጣ። ጫፉ እንደ ሹካ ተሰንጥቋል፤ በቀዳዳው ውስጥ በባትሪ ያየችው ዘንግ ግን እንደ ቡሎን የሚጠመዘዝ ጥርስ ያለው ነው። ከሥር መሳቢያው ውስጥ ሌሎች ሁለት ማንቬላዎች አገኘች። ሞከረቻቸው። አንዱ ወፍሮ አልገባም፣ ሌላው አጥሮ አልደረሰም።

ታዲያ ሞላውን ማን፣ በምን ጠመዘዘው?

ያገኘቻቸው ተንከባካቢያቸው ሩቅያ ናት። ደርቀው ሳሉ እንኳ አምቡላንስ እስኪደርስ ደረታቸውን ስትጫን ነበር። አሁን በረንዳው ላይ በካፖርቷ ተጠቅልላ ቆማለች። የሟች ልጅ ሉሊት ገና ከመኪናዋ ሳትወርድ ለፖሊስ በስልክ ተናግራለች፤ የቤቱ ቁልፍ ያለው ሩቅያ ጋ ብቻ ነው፣ በድካም ቸል ብላቸው ወይም ገፍትራቸው ነው የሞቱት ብላለች። ሩቅያን የቀጠራት ኤጀንሲም ወዲያው ደውሎ ነገሩ እስኪጣራ ሥራ እንዳትገባ ነግሯታል። ስሟ አንድ ጊዜ ከተበላሸ ሌላ ሽማግሌ ቤት የሚያስገባት የለም፤ ወደ ዌርሃውስ የሌሊት ሺፍት መመለሷ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁለቱ ልጆቿ ከኮምፒውተር ፊት ውለው ያድራሉ። ሌሊት ማን በር ይዘጋላቸዋል? ቢያተኩሳቸውስ? ይህን የሚያስብላት ያን ዕለት አንድም ሰው አልነበረም።

ሩቅያ ለፀደይ እንደነገረቻት ወረርሽኙ ከገባ ወዲህ ከእሷ በቀር ማንም ደጃፉን አልፎ አያውቅም። ጋሼ ሳህሌ ይፈራሉ። ከመስኮቱ ውጭ የተቀመጠች ወንበር አለች፤ ሊጠይቃቸው የሚመጣ ሁሉ እዚያ ቁጭ ብሎ በመስታወት ያወራቸዋል። አርብ ወደ ማታ ስትወጣ ደህና ነበሩ።

«ግራሞፎኑስ ይሠራ ነበር?»

«የት ይሠራል? ማንቬላው ዎርዝንግተን ካለው ከእትዬ ሉሊት ቤት ሲወጡ ጠፍቶባቸዋል። ሦስት ተገዝቶላቸው አንዱም አልያዘም። ቀዳዳው ውስጥ በስልኬ መብራት ሳበራላቸው እጄ ዝሎ ያውቃል። መስማት ሲያምራቸው ሸክላውን በጣታቸው እየገፉ ያዞሩት ነበር። እንደ በሽተኛ ነው የሚያቃስተው።»

«ለጠያቂዎቹስ ይነግሩ ነበር?»

«ሌላ ወሬም የላቸው። የገዛላቸውን ደጀንን ይሰድቡታል። ለጎረቤታቸው ለጋሽ ጎሳዬ ሦስቱንም በትሪ አድርጌ በመስኮት አሳይቻቸዋለሁ። እትዬ ሉሊት ብቻ ናቸው የማይሰሙት። ገና ማንቬላ ሲሏቸው ‹መድኃኒትዎን ወሰዱ?› ይላሉ።» ካፖርቷን ሰብሰብ አድርጋ፣ «እኔን ነው የምትጠረጥሪው አይደል?» አለች።

«ሁሉንም ነው» አለች ፀደይ።

የእህታቸውን ልጅ ደጀንን ያገኘችው ግሮቭፖርት ካለ መጋዘን፣ የጭነት መኪናው እስኪሞላለት ሲጠብቅ ነው። ከመኪናው አልወረደም፤ መስታወቱን ትንሽ ብቻ ዝቅ አደረገ። ማንቬላዎቹን የገዛው እሱ እንደሆነ አልካደም።

«ሦስቴ በፎቶ እያየሁ ኦርደር አደረግኩ፣ ሦስቴም ተሰደብኩ። አንዱ ወፍራም፣ አንዱ አጭር፣ ሦስተኛው ደግሞ ጭራሽ ገብቶ የሚሾር። ሪተርን ላድርገው ስላቸው ተወው አሉኝ፤ ለጥፋትህ ማስረጃ ይሁን ብለው።»

አርብ ማታ የት እንደነበረ ስትጠይቀው መኪናው ውስጥ ተኝቼ ነበር አለ። ያየው ሰው የለም። ለግራሞፎኑ ገዢ አግኝቶ አጎቱን ይወተውት እንደነበር ግን ሩቅያ ነግራት ስለነበር ጠየቀችው። ደጀን መሪውን በጣቱ መታ መታ አደረገ። አዎ፣ አግኝቼ ነበር፣ እምቢ አሉ፣ ተውኩት አለ። መተዉን ፀደይ አላመነችውም።

ጎሳዬ የጎን ጎረቤት ነው፤ ጡረታ የወጣ ብረት ሠራተኛ፣ ጋራዡ ውስጥ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ያለው። ፀደይ ስትገባ ቶርኖው ሥር አዲስ የብረት ብናኝ አየች። እሱም ማየቷን አይቶ በእግሩ ወደ ጥግ ጠረገው።

«የመኪናዬ ቡሎን ነው» አለ ሳይጠየቅ።

«ለጋሼ ሳህሌ ማንቬላ ቢቆርጡላቸው ምን ነበር? ጎረቤት ነዎት።»

«ጥርሱን ሳላይ? የኔ ልጅ፣ የዚያ ዘመን ዕቃ ጥርሱ ለየቅል ነው። በግምት ቆርጬ ባስገባ ዘንጉን ላጥኩባቸው ማለት ነው። የዱሮውን አምጡልኝና አስመስዬ ልሥራ አልኳቸው። የዱሮው ቢኖር ቶርኖ ለምን ያስፈልገኛል ብለው ሳቁብኝ።»

አርብ ማታ ጨርሶ ከቤቱ አልወጣም። የሳሎናቸው መብራት ግን እስኪነጋ እንደበራ አይቷል። ለምን አላንኳኩም ብትለው፣ ዓመቱን ሙሉ ሰው የሰው በር ማንኳኳት ፈርቶ ነው የከረመው አለ።

ዎርዝንግተን የሉሊት ቤት ሰፊና ጸጥ ያለ ነው። በሳሎኑ መጽሐፍ ቅዱስና የልጆቿ የምረቃ ፎቶ አለ። አባቷ ከኢትዮጵያ እንደመጡ እዚያ ነበር የተቀመጡት። ለምን እንደወጡ ስትጠየቅ ዘፈን ቤቴ አይገባም ስላልኳቸው ነው አለች፤ ከቤተ ክርስቲያን ማንም አላዘዘኝም፣ የራሴ አቋም ነው አለች። አርብ ዕለት እንደ ወትሮዬ በመስኮት አይቻቸው ተመለስኩ ብላለች።

«አልገቡም?»

«እሳቸው ክትባታቸውን ጨርሰዋል፣ እኔ ገና ነኝ። እዚያ ቤት ከገባሁ ዓመት አለፈኝ። የሚገባውን ታውቂያለሽ። ለምን እሷን አትይዢያትም? ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው እንዴት ሽማግሌ ይጠብቃል?»

«ሩቅያ አንድ ሥራ ነው ያላት። አሁን እሱም የላትም።»

ሉሊት ፊቷን አዞረች።

ከቀብሩ ማግሥት ፀደይ አራቱንም ኦቤትስ ቤት ጠራቻቸው። መስኮቶቹ ተከፍተዋል፤ ወንበሮቹ ተራርቀዋል፤ የኦቤትስ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉም በጭምብል ስለሆኑ የሚታየው ዓይናቸው ብቻ ነው፤ ዓይናቸውም እርስ በርስ ይጠባበቃል። ሩቅያ ከሁሉም ርቃ፣ ለመነሳት እንደተዘጋጀ ሰው ወንበሩ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

ፀደይ ሦስቱን ማንቬላዎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች።

«ሞላው ተጠምዝዞ ነበር» ብላ ጀመረች። «ጋሼ ሳህሌ ደግሞ አርብ ማታ ድረስ ሸክላ የሚያዞሩት በጣታቸው ነው። ስለዚህ ሩቅያ ከወጣች በኋላ አንድ ሰው ግራሞፎኑን ጠምዝዞታል። ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ አይደለም፤ አንዱም አይሠራም። አራተኛ ማንቬላ ነበር። ገብቷል፣ ሠርቷል፣ ከዚያ ተወስዷል።»

ደጀን ጎሳዬን አየው። ጎሳዬ ወደ ፀደይ ጮክ ብሎ፣ እኔ አልቆረጥኩም፣ ብናኙን መርምሪው አለ።

«አውቃለሁ፣ የመኪና ቡሎን ነው። እርስዎ ራስዎ ነግረውኛል፤ የዱሮውን ሳያይ ልክ የሚገባ መሥራት የሚችል የለም። ስለዚህ አራተኛው የዱሮው ራሱ ነው፣ ያ የጠፋው። የወሰደው ሰው ቦታውን ባዶ ላለመተው ከመሳቢያው አንዱን አንስቶ ሰካበት። ጋሼ ብቻቸውን ሲያጫውቱ ወደቁ እንዲባል። ያነሳው ግን ይኼን ነው።» ጫፉ የተሰነጠቀውን ከፍ አደረገች። «የሚሾረውን። አሁን ልጠይቃችሁ፤ ይኼ እንደማይሠራ የሚያውቅ ሰው እሱን ሰክቶ ይሄዳል?»

ማንቬላውን መልሳ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ደጀን ገዝቶታል፣ ተሰድቦበታል። ጋሽ ጎሳዬ ጫፉን በዓይናቸው አይተውታል። ሩቅያ መብራት ይዛላቸዋለች። ሩቅያ ብትሆን ኖሮ ቀዳዳውን ባዶ ትተወው ነበር፤ ባዶ ሆኖ ነው የሚታወቀው። ይህን ያደረገው ማንቬላ ሁሉ አንድ የመሰለው ሰው ነው። ጋሼ ስለ ማንቬላ በጀመሩ ቁጥር ወሬ የሚቀይር፣ ስለዚህ ሰምቶ የማያውቅ።»

«እኔ እዚህ ቤት አልገባሁም!» አለች ሉሊት።

«ዓመቱን ሙሉ አልገቡም፣ እውነት ነው። ገብተው ቢሆን ኖሮ ያውቁ ነበር። የገቡት አርብ ማታ ብቻ ነው። በሩን ራሳቸው ከፈቱልዎት፤ ክትባቱን ጨርሰዋል፣ ልጃቸው ናት፣ ለምን አይከፍቱም? ማንቬላው የጠፋው ከእርስዎ ቤት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ሰውየው ወድቆ ሳለ አንድ ሰው ሄዶ መርፌውን አንስቷል። ሌላ ሰው ቢሆን ይጮሃል ወይ ይሸሻል። እርስዎ ግን አባትዎ ላይ ያ ዘፈን ሲዘፈን ትተው መሄድ አልቻሉም።»

ሉሊት ጭምብሏን አወለቀች፤ አየር ያጠራት ይመስላል። ስትናገር ድምጿ ዝቅ ያለ ነበር። እቤቷ ሳሉ ማንቬላውን የደበቀችው እሷ ናት፤ ዘፈኑን እንዲተዉ ብላ ነው። ሲፈልጉት ጠፋ አለች፤ ከዚያ ወዲህ እውነቱን የምትናገርበት ቀን አልመጣላትም። ስለ እሱ ሲያነሱ መስማት ያስጨንቃታል። ክትባቱን ሲጨርሱ አሁንስ ልስጣቸው ብላ አመጣችው።

«መጀመሪያ ሳሙት» አለች። «ከዚያ የት አገኘሽው አሉኝ። መዋሸት አቃተኝ። ምንም ሳይናገሩኝ ጠመዘዙት፣ ሸክላውን አስቀመጡ፣ ጀርባቸውን ሰጡኝ። ይዝጉትና እናውራ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ። ማንቬላውን አልለቅም አሉ። እየተጓተትን እዚህ ጡቡ ጋ ደረስን። እኔ ስለቃቸው ወደ ኋላ... መግደል አልፈለግኩም።»

«ማንቬላውስ?»

«መኪናዬ ውስጥ ነው። መጣል አልቻልኩም።»

ፖሊሱ የመኪናዋን ቁልፍ ተቀብሎ ወጣ። ፀደይ እዚያው ቆማ ስልኳን አወጣችና የሩቅያ ኤጀንሲ ደወለች። በእንግሊዝኛ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ ሩቅያ በዚህ ሞት እጇ እንደሌለበት፣ ይህንንም ከቢሮዋ በጽሑፍ እንደሚያገኙ ነገረቻቸው። በስልኩ ወዲያ ያለው ሰው ከሰኞ ጀምሮ ትግባ አለ። ጎሳዬ እፎይ አለ። ሩቅያ ግን እፎይ አላለችም። ከወንበሯ ተነስታ ሉሊት ፊት ቆመች።

«እትዬ ሉሊት፣ ስለ እኔ አልጠይቅዎትም፤ ስለ ስሜም አልናገርም» አለች። «እርስዎ ሲወጡ ጋሼ ይተነፍሱ ነበር?»

ሉሊት የጡቡን ጠርዝ አየች።

«በሩ ጋ ስደርስ ተጣሩ» አለች።

«እርስዎን?»

«አንቺን።»

ሩቅያ ጭምብሏን በእጇ ይዛ፣ በደጃፉ በኩል ወጥታ፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጠችና አለቀሰች።