ከደጁ ውጭ የቆመው ጠያቂ

በአውራዝ ከተማ፥ ፀሐይ ወደ ምዕራብ ባዘነበለችበት ሰዓት፥ የመስቀሉ ጥላ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ተነሥቶ ሄደ።

ያዩት ሰዎች በኋላ ሲናገሩ ጥላው አልደበዘዘም አሉ። እንደሚጎተት ነጠላ በድንጋይ ንጣፉ ላይ ተንሸራተተ፤ በቅጥሩ ላይ ወጣ፤ በማዶ ወርዶ ጠፋ። መስቀሉ በጉልላቱ ላይ እንደ ቆመ ነበር። ፀሐይም ታበራ ነበር። በዚያው ቅጽበት፥ ከአባቶች ዘመን ጀምሮ በመቅደሱ ውስጥ ጠፍቶ የማያውቀው መብራት በቦታው እንደሌለ ታወቀ።

ሌባውን ያየ ሰው አንድ ብቻ ነበር፤ በሩን የከፈተለት ወጣቱ ዘበኛ አምኃ።

አውራዞች ከጥንት የያዙት ሥርዓት አላቸው። እንግዳ ከሰው ደጅ ሲደርስ ከበሩ መድረክ ውጭ ይቆማል። ባለቤቱ ከውስጥ ሆኖ «በምን ትበቃለህ?» ይለዋል። እንግዳው መልካም ሥራውን ይዘረዝራል፤ ጾሙን፥ ምጽዋቱን፥ የታረቀውን ጠላቱን። ባለቤቱ ሲረካ «ብቁ ነህ፤ ግባ» ይለዋል። ድሃው ከጎረቤቱ እሳት ሊጭር ሲሄድ እንኳ በመንገዱ ላይ መልካም ሥራውን እያጠና ነው። ሕፃናትም አፋቸውን ሲፈቱ ቀድመው የሚማሩት ይህንኑ ነው።

በዚያ ቀን ከመቅደሱ ደጅ የቆመው እንግዳ፥ ዝናብ ከጠፋ ብዙ ጊዜ ቢሆነውም፥ እግሩ እርጥብ ነበር። ፊቱ የአምኃ ፊት ነበር። አንድ ልዩነት ብቻ ነበረው፤ አምኃ በልጅነቱ ከዋርካ ላይ ወድቆ በግንባሩ ያተረፈው ጠባሳ በእንግዳው ግንባር ላይ የለም። አምኃ ይህን ሁሉ አየ። ሥርዓቱ ግን ፊትን አይጠይቅም፤ ምግባርን ነው የሚጠይቀው። እንግዳው ትንፋሽ ሳይወስድ፥ ያለ አንዳች እንከን ዘረዘረ። እንዲህ ያለ ጽድቅ አምኃ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

«ብቁ ነህ፤ ግባ» አለው።

ከዚያ ወዲህ የሰዎች ጥላ ከእግራቸው እየተላቀቀ ወደ ምዕራብ ይሄድ ጀመር። ጥላው የሄደበት ሰው መጀመሪያ ይበርደዋል፤ ቀጥሎ ቃል ያጥረዋል፤ በመጨረሻ በቆመበት ይቀራል። የአምኃ ታናሽ እኅት ትርሲት ከምንጭ እየተመለሰች፥ ውኃ የሞላ ቅል በትከሻዋ ይዛ በአጥሩ በር ላይ ቆመች።

«አምኃ፥ ከእግሬ ሥር የሆነ ነገር ሲሳብ ተሰማኝ» አለች።

አምኃ መሬቱን አየ። የአጥሩ ጥላ አለ፤ የእርሱ ጥላ አለ። የእርሷ የለም። በማግስቱም በዚያው በር ላይ ቆማ ነበር፤ ዓይኗ ያያል፥ ከንፈሯ ግን አይንቀሳቀስም። ቅሉን ከትከሻዋ ሊያወርድ ቢሞክር ጣቶቿ እንደ ድንጋይ ጠጥረው እምቢ አሉት።

ንጉሥ አርሞን ጉባኤ ጠርቶ «ከአውራዝ ልጆች ሁሉ ብቁው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀ። ዓይኖች ሁሉ ወደ ፊታውራሪ ቢነግድ ዞሩ። ፊታውራሪው ተነሥቶ ሰይፉን በሁለት እጁ አነሣ።

«የአባቶቼ አጥንት ይመስክርብኝ! ሐሰት ከአፌ አልወጣም፤ ምርኮኛ ፈትቻለሁ፤ የሙት ልጅ አሳድጌአለሁ። መብራቱን ወደ አውራዝ ሳላስመልስ ብቀር ስሜ ከቤቴ ምሰሶ ላይ ይፋቅ!»

የተናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

«አንተ ዘበኛ» አለ ንጉሡ ወደ አምኃ ዞሮ፥ «የሌባውን መልክ የምታውቅ አንተ ብቻ ነህና ጠቋሚ ሆነህ ሂድ። ብቁ ሆነህ እንዳይመስልህ።»

«አውቃለሁ፥ ጃንሆይ።»

መንገዱን የምታውቅ አንዲት አሮጊት መነኩሲት ተገኘች፤ እማሆይ ጸዳለ። እርሷንም በንጉሡ አዳራሽ ደጅ አቁመው እንደ ሥርዓቱ «በምን ትበቂያለሽ?» አሏት።

«ባለፈው ሳምንት ማንንም አላማሁም» አለች እማሆይ። «ታምሜ ተኝቼ ነበር።»

መብራቱ ከጠፋ ወዲህ በዚያ አዳራሽ ሳቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ሦስቱ ወደ ምዕራብ ወረዱ። ገደል ማሚቶው ሰው ሳይናገር ቀድሞ የሚመልስበትን ሸለቆ አፋቸውን በነጠላ ሸፍነው አለፉት። ከሸለቆው ሲወጡ እማሆይ በመቋሚያዋ ላይ ተደግፋ እንዲህ አለቻቸው፦

«መብራቱ የእኛ አልነበረም። ከባሕረ ዝም ማዶ አንድ ቤት አለ። አባቶቻችን በረሃብ ዘመን ተሰድደው እዚያ ደረሱ። የቤቱ ጌታ ምንም ሳይጠይቅ አስገባቸው፤ አበላቸው፤ ሲወጡም መብራቱን ሰጣቸው። መብራቱ በሌባ እጅ አይቆይም፤ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። እዚያ ነው የምናገኘው።»

«ሳይጠይቅ አስገባ?» አለ ፊታውራሪው ፊቱን አጨፍግጎ። «የጨዋ ቤት እንዲህ አያደርግም።»

«የተራበ ሰው ለጨዋነት ብዙ አይጨነቅም፥ ፊታውራሪ።»

«እርስዎ እዚያ ደርሰው ነበር አሉ፥ እማሆይ» አለ አምኃ።

«ደጁ ድረስ። የቆሙትን አየሁና ፈርቼ ተመለስኩ።»

«የቆሙት እነማን ናቸው?»

«ስትደርስ ታያቸዋለህ፥ ልጄ።»

ባሕረ ዝም ማዕበል የሌለው፥ ወፍ የማያርፍበት ውኃ ነው። በታንኳ ሲሻገሩ የመቅዘፊያው ድምፅ እንኳ አልተሰማም። አምኃ ወደ ታች ሲመለከት ጥላዎች በባሕሩ ወለል ላይ ይሄዳሉ፤ ሽማግሌዎች፥ ሴቶች፥ በቅሎ የሚስቡ ነጋዴዎች፥ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዙረው፥ ሳይቸኩሉ። በመካከላቸው አንዲት ቀጭን ጥላ ቅል በትከሻዋ ይዛ ትራመድ ነበር።

«ትርሲት!» ብሎ እጁን ወደ ውኃው ሰደደ።

እማሆይ አንጓውን ጨብጣ መለሰችው። «አትንካት። ብትይዛትም የምታደርስበት ብርሃን የለህም።»

በማዶ የጠበቃቸው ግንብ አልነበረም። አንዲት የሣር ክዳን ጎጆ ነበረች፤ በሯ ዝቅ ያለ፥ ገርበብ ያለ፤ በስንጥቁ ብጫ ብርሃን ይፈስሳል። ከበሯ ፊት ግን እስከ ውኃው ዳር ድረስ ነጭ የለበሱ ሰዎች ተሰልፈው ቆመዋል። ቀኝ እጃቸው ተዘርግቷል፤ አፋቸው በቃል መካከል እንደ ተከፈተ ነው። አምኃ አንዱን በጣቱ ነካው፤ ድንጋይ ነበር። በከንፈሩ ውስጥ ሸረሪት አድርታለች። ከመካከላቸው ጥላ ያለው አንድም አልነበረም።

በመድረኩ ላይ፥ በሩን በጀርባው ይዞ፥ ያ እንግዳ ቆሟል።

«በምን ትበቃላችሁ?» አለ።

ፊታውራሪው ወደ ፊት ወጣ። የእንግዳው ፊት ተለወጠ፤ የቢነግድን ፊት ሆነ፥ ሽበትና የጦር ጠባሳ የሌለበት። ፊታውራሪው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና እንደ ሥርዓቱ ጀመረ።

«ምርኮኛ ፈትቻለሁ።»

«ሌላስ?» አለ ጠያቂው።

«በተጣሉ ሰዎች መካከል ቆሜ ደም አስቀርቻለሁ።»

«ሌላስ?»

ፊታውራሪው ጫማው ከመሬት እንደ ተጣበቀ አላስተዋለም። ጾሙን ሲናገር ጉልበቱ ነጣ። ያሳደጋቸውን የሙት ልጆች በስማቸው ሲጠራ ድንጋዩ ወገቡ ደረሰ። ጠያቂው አልተቆጣም፥ አልዛተም፤ ልክ እንደ ደግ አስተማሪ በለሆሳስ «ሌላስ? ሌላስ?» ይላል። ፊታውራሪው የሚናገረው ባለቀበት ጊዜ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኋላው ዞሮ አየ፥ የሚጨምረው ነገር የሚፈልግ ይመስል።

የአምኃም ምላስ በልማድ «እኔ አምኃ…» ብላ ጀምራ ነበር። ያቆመችው ዓይኑ ናት። ዘበኛ ነውና መድረክ ማየት ልማዱ ነው። ከባሕሩ እስከ በሩ ድረስ የእርጥብ እግር ዱካ በዱካ ላይ ተደራርቧል። ከመድረኩ ወዲያ ግን፥ በውስጥ በኩል፥ ወለሉ ደረቅ ነበር። አንድም እርጥብ እግር አልረገጠውም።

አምኃ ዘመኑን ሁሉ በደጅ ያሳለፈ ሰው ነው። እንግዳን ከውጭ ቆሞ ጠይቆ አያውቅም። የሚጠይቅ ባለቤት ነው፤ ባለቤትም የሚጠይቀው ከውስጥ ሆኖ ነው።

«እማሆይ» አለ ቀስ ብሎ፥ «ይህ ባለቤት አይደለም። እንደ እኛው ደጅ የቀረ እንግዳ ነው። ይኸ ሁሉ ሰው መልስ ሲሰጥ የኖረው ለማይመለከተው ነው።»

ጠያቂው ፊቱን ወደ እርሱ አዞረ፤ እንደ ገና አምኃን መሰለ።

«አንተ ሌባ ያስገባህ! እያየህ በሩን የከፈትክ! እኅትህ በደጅህ ደርቃ የቆመችው በማን እጅ ነው? በምን ትበቃለህ?»

«በምንም» አለ አምኃ።

ይህን ሲል ግን ጠያቂውን አልተመለከተም። በትከሻው በላይ ወደ ብርሃኑ እያየ በጉልበቱ ወደቀ።

«የቤቱ ጌታ ሆይ፥ የምዘረዝረው የለኝም። ይህ የሚከሰኝ ሁሉ እውነት ነው። ስለ ልጅህ ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብለህ ማረኝ።»

ከዚያ ከውስጥ አንድ ቃል ተሰማ፤ ሲጠብቅ እንደ ቆየ ሰው ድምፅ፦

«ግባ።»

«ብቁ ነህ» አላለውም። ግባ ብቻ።

አምኃ በጠያቂው ክንድ ሥር በእጅና በጉልበቱ አልፎ ገባ። ማንንም አላየም። ሳህን ውኃና ማበሻ ጨርቅ ተቀምጧል፥ የሰው እግር ሊታጠብ የተዘጋጀ ይመስል፤ ውኃውም ለብ ያለ ነበር። በገበታው ላይ ኅብስት፥ በኅብስቱ አጠገብ መብራቱ አለ፥ በተራ የሸክላ ኩራዝ። በበሩ መቃን ላይ፥ በውስጥ በኩል፥ የቆየ የደም ምልክት ነበር፤ አንድ ሰው ይህን በር በተወጋ እጁ የከፈተው ይመስል። አምኃ እጁን ዘርግቶ ሊያነሣ ሲል ተወው፤ ሁለት መዳፉን ከፍቶ ጠበቀ። ኩራዙ በመዳፉ ላይ ዐርፎ አገኘው።

በዚያን ጊዜ በሩ መዘጋት ጀመረ። ጠያቂው መግባት ባይችልም መግፋት ይችላል። እማሆይ በመቋሚያዋ ጀርባውን ትደበድበው ነበር።

«ወግድ! ወግድ ከሰው ቤት! ደግሞ ምግባርህን ልትነግረኝ ነው?»

በሩ ግን ይጠብ ነበር፤ ብርሃኑ በውጭ ወደ ክር ቀጠነ። ያን ጊዜ እስከ ደረቱ ድንጋይ የሆነው ፊታውራሪ ቢነግድ አንድ የቀረውን ክንዱን አነሣ። ወደ ኋላ ወደ ታንኳው ቢሰነዝረው እማሆይ ትጎትተው ነበር፤ እጇንም ዘርግታለት ነበር። እርሱ ግን ክንዱን በበሩና በመቃኑ መካከል አስገባው። ጠያቂው እጁን በላዩ ጫነበት፤ ድንጋዩም ከደረቱ ወደ አንገቱ ተጣደፈ።

«ልጄ፥ ውጣ!» አለ ፊታውራሪው። ለዘበኛው ልጄ ሲለው የመጀመሪያው ነበር። «ክንዴ እስካለ አይዘጋም።»

«ጌታዬ፥ እርስዎስ?»

«እኔ አሁን ምንም አልዘረዝርም።» ከዚያም ወደ ብርሃኑ ዓይኑን አንሥቶ «ጌታ ሆይ፥ ማረኝ» አለ። ሌላ አልጨመረም፤ ከንፈሩም በዚያው ቃል ላይ ቀረ።

አምኃ ከክንዱ ሥር ሲያልፍ ወደ ኋላው ዞሮ አየ። የፊታውራሪው ሥጋ ከደጁ ውጭ ድንጋይ ሆኖ ቆሟል። ጥላው ግን ከመድረኩ ወዲያ፥ በደረቁ ወለል ላይ፥ በገበታው አጠገብ ተቀምጦ ነበር።

ብርሃኑን ይዘው በድንጋዮቹ መካከል ሲያልፉ ከእያንዳንዱ ድንጋይ በስተ ኋላ ጥላ ወደቀ። ጠያቂው አልተከተላቸውም። ባሕሩን ሲሻገሩ በታች ያሉት ጥላዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ መለሱ።

ትርሲት በአጥሩ በር ላይ ዓይኗን አርገበገበች።

«ቅሉ ከበደኝ» አለች። አምኃ ተቀብሏት እየሳቀ አለቀሰ።

የፊታውራሪው ሚስት ከቤቷ ምሰሶ ፊት ቆማ አምኃን ጠበቀችው። «ስንት ዘርዝሮ ገባ?» አለችው።

«የዘረዘረውን ሁሉ ትቶ ነው የገባው፥ እመቤቴ። ክንዱ እስካሁን በሩን ከፍቶ ይዟል።»

የባሏን ስም በመዳፏ ዳሰሰችው። አልተፋቀም።

አምኃ መብራቱን በመቅደሱ ውስጥ በቦታው አኑሮ ወደ ደጁ ተመለሰ። ሰው መጥቶ ምግባሩን መዘርዘር ሲጀምር «ይቅር፥ ወንድሜ፤ ግባ» ይለዋል። ብዙዎች ተከፉ፤ አንዳንዶች ጽድቃቸውን ሳይናገሩ መግባት አፍረው ከደጅ ተመለሱ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እርጥብ እግር ያለው እንግዳ በመድረኩ ፊት ቆመ። ፊቱ የአምኃ ነበር፤ በግንባሩ ጠባሳ የለም። ትንፋሽ ሳይወስድ ዘረዘረ፤ አንድም እንከን አልነበረውም።

አምኃ ከውስጥ ሆኖ እስከ መጨረሻው ሰማው።

«ያንን ሁሉ ተወው» አለው። «ማረኝ በልና ግባ። በሩ ለአንተም ክፍት ነው።»

እንግዳው አፉን ከፈተ። ከንፈሩ ቃሉን ለመያዝ ተንቀጠቀጠ። አምኃም በሩን እንደ ያዘ ጠበቀው።

ቃሉ አልወጣም። እንግዳው ዞሮ ሄደ፤ በመድረኩ ላይ የቀረውን እርጥብ ዱካ ፀሐይ ቀስ በቀስ አደረቀችው። አምኃ ግን በሩን አልዘጋም።