ያልተዘጋችው ቱቦ

ሟቹ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበሩ። አልጋቸውን የሚገፋውን ሁሉ «ፍሬን! ፍሬን ያዝ!» ስለሚሉት ሕሙማኑም ነርሶቹም ጋሼ ፍሬን ይሏቸው ነበር። የተሰበረ ዳሌያቸው በተጠገነ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት፣ ቀኝ እግራቸው እንደ ከሰል ጠቁሮ፣ ትንፋሻቸው በድንገት ተቋርጦ አረፉ።

ሆስፒታሉ ያልተጠበቀ ሞት ሲገጥመው የሚያስጠራት አንዲት የደም ሐኪም ነበረች። አጭርና ዝምተኛ ሴት ናት፤ ከጀርባዋ «እትዬ ለምን» ይሏታል። እሷ ስትደርስ ግን ፍርዱ አስቀድሞ ተሰጥቷል። ቀዶ ሐኪሙ ከሟቹ ትራስ ሥር ደም የሚያቀጥነው የአስፕሪን ባዶ ማሸጊያ አግኝቷል። የትምህርት ቤት ጸሐፊ የሆነችው ሴት ልጃቸውም፣ አባቷ «ወገቤን ቆረጠኝ» ሲሏት፣ በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ክኒኑን ደብቃ እንደሰጠቻቸው አልካደችም። ታላቅ ወንድሟ በአስከሬኑ ፊት «አባታችንን ገደልሽው» አላት። ከዚያ ወዲህ አላናገራትም፤ ቀብሩም ላይ ከመቃብሩ ወዲያ ማዶ ቆመ።

«እኔ ከሆንኩ ይንገሩኝ» አለቻት ልጅቱ ሐኪሟን። «እንዳያባብሉኝ ብቻ።»

ሐኪሟ ቃል ገባችላት። ከዚያ ቁጭ ብላ የሟቹን ቻርት አነበበች።

ደም የሚያረጉት ትንንሽ ሕዋሳት፣ ፕሌትሌት የሚባሉት፣ በቀዶ ጥገናው ዕለት ሁለት መቶ አሥር ሺህ ነበሩ። እስከ አምስተኛው ቀን ንቅንቅ አላሉም። በሰባተኛው ሰማንያ ሺህ ሆኑ፤ በአሥራ አንደኛው ሃያ ስምንት ሺህ።

ቀዶ ሐኪሙን ከልብስ መቀየሪያ ክፍሉ በር ላይ ያዘችው። ሦስት ሰው ለቀዶ ጥገና እየጠበቀው መሆኑን ነግሯት፣ ደም ማቅጠኛውን፣ ማለትም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሆዳቸው ላይ ይወጉት የነበረውን ሄፓሪን፣ በሰባተኛው ቀን ማስቆሙን አስረዳት። ደም እንዳይፈሳቸው ፈርቶ ነው።

«ካቆምከው ቁጥሩ ለምን አልወጣም?»

«አስፕሪኑ ነዋ።»

«አስፕሪን ፕሌትሌትን ያሰንፈዋል እንጂ እንዲህ አያስጨርሰውም። ደግሞ ሰውዬው ደም ፈሷቸው መቼ ሞቱ? ረግቶባቸው ነው የሞቱት።»

ኮፍያውን አጥልቆ ወደሚጠብቁት ሕሙማን ሄደ።

ዋና ነርሷ በዚያ ክፍል ሃያ ዓመት የሠራች ናት። ከትእዛዙ በኋላ አንድም መርፌ እንዳልተሰጠ ማለች፤ ቻርቱም ይመሰክርላታል። ስለ ጋሼ ፍሬን ስታወራ እንባዋ ይቀድማታል። የክንዳቸው የደም ሥር አልገኝ ብሎ አንገታቸው ላይ ቀጭን ቱቦ እንደገባላቸው ተናገረች።

«በእኔ ክፍል ቱቦ አይዘጋም» አለች አፍንጫዋን እየጠረገች። «የሳቸውም እስከ መጨረሻዋ ቀን አንዴም አልተዘጋችባቸው።»

የሐኪሟ ብዕር ቆመ። እግራቸውም ሳንባቸውም በረጋ ደም የተደፈነ ሰው፣ እንደ ክር የቀጠነች ቱቦ ብቻ ንጹሕ ሆና ቀረችላቸው።

ሌላ አልጠየቀችም። ወንበር ስባ ከክፍሉ ጥግ ተቀመጠችና ረፋዱን ሙሉ አየች። ነርሷ ከአልጋ አልጋ እየዞረች፣ ከአንዲት ትንሽ ብልቃጥ በሲሪንጅ እየቀዳች፣ በየሕሙማኑ ቱቦ ትገፋለች።

«ሲስተር፣ ከጎረቤቴ አሳነስሽብኝ እኮ» አላት እግሩ የተሰቀለ ጎልማሳ።

«ዝም በል፣ ከዚህ ካለፍክ ትሰክራለህ።»

ሳቁ። ነርሷ ሲሪንጁን ጥላ ወደሚቀጥለው አለፈች። ቻርት የሚባል ነገር አልነካችም።

ከሰዓት በኋላ ሐኪሟ አራቱንም፣ ቀዶ ሐኪሙን፣ ነርሷን፣ ልጅቱንና ወንድሟን፣ በነርሶቹ ማረፊያ ሰበሰበቻቸው። ሄፓሪን አልፎ አልፎ በሰው ላይ እንደሚገለበጥ ነገረቻቸው። ሰውነት በአምስተኛውና በአሥረኛው ቀን መካከል በመድኃኒቱ ላይ ይነሳበታል፤ ፕሌትሌቶቹ እርስ በርስ እየተጣበቁ ያልቃሉ፤ እዚያው ተጣብቀው የደም ሥሩን ይዘጋሉ። ቁጥሩ ያሽቆለቆለው በሰባተኛው ቀን ነው። ልጅቱ የመጀመሪያዋን ክኒን የሰጠችው በዘጠነኛው።

«አንቺ አይደለሽም» አለቻት።

«መድኃኒቱ ቆሟል ብላችሁ የለም እንዴ?» አለ ወንድምየው።

ሐኪሟ ብልቃጧን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ይሄማ መድኃኒት አይደለም» አለች ነርሷ። «ማጠቢያ ነው። ቱቦ እንዳይዘጋ።»

«ውስጡ ምንድን ነው፣ ሲስተር?»

ነርሷ በቃሏ የምታውቀውን ጽሑፍ አዙራ አየችው። «ሄፓሪን» አለች ቀስ ብላ። «ጠብታ እኮ ናት። ውሃ ውስጥ የጠፋች ጠብታ።»

«አንዴ ለተቆጣ ሰውነት ጠብታም ይበቃዋል። በቀን ስንት ጊዜ?»

«ሦስቴ። ለሳቸው… ለሳቸው አራቴ። እንዳትዘጋባቸው ብዬ።»

ቀዶ ሐኪሙ ስለ ማጠቢያው ለመጠየቅ አስቦ እንደማያውቅ ተናገረ። ሐኪሟ ማቆሙ ብቻም እንደማይበቃ፣ የዚያኑ ቀን ሌላ ዓይነት ማቅጠኛ መጀመር እንደነበረበት ነገረችው። ከዚያ ስለ ራሷ ተናገረች። በዚህ ክፍል ስታልፍ ስታገድም ይህችን ብልቃጥ መቶ ጊዜ አይታታለች፤ አንድ ቀን «ለምን» ብላ አታውቅም።

«ባላጥባት ኖሮ ይተርፉ ነበር?» አለች ነርሷ።

«አላውቅም። ሊተርፉ ይችሉ ነበር። ላይተርፉም ይችሉ ነበር።»

ልጅቱ እፎይታ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። የነርሷን እጆች ታያለች፤ አባቷን ያጠቡትን፣ ያገላበጡትን፣ ያጎረሱትን እጆች።

«እህቴ» አለ ወንድሟ ጎንበስ ብሎ። «ያን ‹ገደልሽው› ያልኩሽን ቃል…»

«አሁንስ ለማን ልትለው ነው?» አለችው።

ወንድምየው ቀና ብሎ አንድ በአንድ አያቸው፤ ያቀረቀረውን ቀዶ ሐኪም፣ ፊቷን በሁለት እጇ የሸፈነችውን ነርስ፣ ዓይኗን ያልሰበረችውን ሐኪም።  ከዚያ መቀመጫ ፍለጋ እጁን ወደ ኋላው ሰደደ።