አሥራ አንደኛው ቀስት

ቀያሹ ሞቶ የተገኘው ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ድሮ ድንጋይ ይፈለጥበት በነበረ ገደል ሥር ነው። ጀርባው ላይ ያዘለው ሻንጣ እንኳ አልወለቀም። ኢንስፔክተሯ አሥር ሰዓት ላይ ስትደርስ ሬሳው በብርድ ልብስ ተሸፍኗል፤ የጣቢያው ሳጅን ደግሞ ነገሩን በልቡ ጨርሶ ካቴናውን ያንቀጫቅጫል።

«ብዙም አያደክምዎትም» አላት። «አናጢው ነው የገፋው። ከኋላው የነበረው እሱ ብቻ ነው።»

«እስቲ ካቴናውን ኪስህ ክተተው፤ ሐሳቤን ይበትንብኛል።»

ኢንስፔክተሯ ጉልበቷን የሚያማት፣ ምላሷን ግን ምንም ያላመማት ሴት ናት። ቶሎ የተቋጨ ነገር አይዋጥላትም። ጎንበስ ብላ የሟቹን ሻንጣ ፈተሸች። ከውስጠኛው ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀትና ባዶ የመድኃኒት ካርቶን አገኘች፤ ሁለቱን አስተያይታ ዝም ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻቸው።

ተጓዦቹ አራት ነበሩ። በየወሩ አንድ እሑድ ሠላሳ ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይሄዳሉ። ዛሬም ጎሕ ሲቀድ ተነሥተው አብዛኛውን በአስፋልት ዳር፣ የቀረውን በጫካ ተጉዘው ተጓዦች ከሚያርፉበት ቤት መድረስ ነበረባቸው። የአንዱ እርምጃ ከሌላው ስለማይገጥም ተራርቀው ነው የሚሄዱት። ስለዚህ ደንብ አላቸው፤ መሪው በየመገንጠያው ላይ በሦስት የተላጡ እንጨቶች ቀስት ሠርቶ መንገዱን ያሳያል። መጨረሻ የሚመጣው፣ «ጅራት» የሚሉት፣ ሌላ መንገደኛ እንዳይሳሳት ቀስቱን አፍርሶ ያልፋል። ማታ መሪውና ጅራቱ ቁጥራቸውን ያመሳክራሉ።

የዛሬው መሪ ሾፌሩ ነበር፤ የሟቹ የእህት ልጅ። ቀጥላ ፋርማሲስቷ፣ ከዚያ ቀያሹ፣ በመጨረሻ ጅራቱ አናጢው።

ኢንስፔክተሯ ከማረፊያው ቤት ምግብ አዳራሽ ተቀምጣ ተራ በተራ ጠራቻቸው። እርጥብ ካልሲ በየወንበሩ ጀርባ ላይ ተሰጥቷል።

«አሥራ አንድ ቀስት ሠራሁ» አለ ሾፌሩ፤ ዓይኑ ደም መስሏል። «ጋሼ አናጢው ሲደርስ ‹አሥር ነው ያፈረስኩት› አለኝ። የጎደለው የገደሉ መገንጠያ ላይ ያለው ነው፣ የመጨረሻው። ለምን ይዋሻል? አጎቴን ገድሎ ነዋ!»

«ጠብ ነበራቸው?»

«ጠዋት አስፋልቱ ላይ ሲጯጯሁ ሰምቻለሁ።»

አናጢው ገብቶ ሲቀመጥ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጨነቀው። ስድሳ ዓመት ያለፈው፣ ትከሻው የጎበጠ ሰው ነው።

«በምን ተጯጯሃችሁ?» አለችው።

«በጫማ። አዲስ ጫማ አድርጎ መጣ። ይህን ሁሉ መንገድ በአዲስ ጫማ አይኬድም አልኩት።»

«ለዚህ ብላችሁ?»

«ሠላሳ ዓመት ሙሉ ስንጯጯህ ነው የኖርነው፣ ኢንስፔክተር። ዝም ከተባባልን ነው የሚያሰጋው። መገንጠያው ላይ ቀስት አልነበረም። ልጁ ረስቶታል ብዬ ተናደድኩ። እኔ መንገዱን ስለማውቀው ወደ ቀኝ ሄድኩ። ጓደኛዬ ግን አያውቀውም፤ አምና እዚህ ስንመጣ ሚስቱን እያስታመመ ቀርቶ ነበር። ሰባት ሰዓት ላይ ስደርስ ልጁን ለምን ረሳህ ብዬ በሰው ፊት ጮኽኩበት።»

«ያን ጊዜ ቀያሹ አለመድረሱን ያውቁ ነበር?»

«ገብቶ የሚተጣጠብ ነበር የመሰለኝ።»

በሩ ላይ የቆመው ሳጅን ጉሮሮውን ጠረገ። አናጢው ቀና ብሎ አየው፤ ከዚያ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቸው፣ እሰሩኝ የሚል ይመስል። ሠላሳ ዓመት የኖረ ወዳጅነት በአንድ ከሰዓት በኋላ ወንጀል ሊሆን ነው።

ፋርማሲስቷ የተረጋጋች ናት። ስታወራ እጇ አያርፍም፤ ጠረጴዛው ላይ የተበታተኑትን ኩባያዎች እየሰበሰበች ጆሯቸውን ወደ አንድ አቅጣጫ ታዞራለች።

«ቀስቱ ወደ ቀኝ ያሳይ ነበር፤ ተከትዬ ሄድኩ። ከአስፋልቱ በኋላ ማንንም አላየሁም» አለች።

«ሾፌሩ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ ደርሷል። እርስዎ ሰባት ሰዓት ሊሆን ሃያ ጉዳይ ላይ። ለምን ዘገዩ?»

«ተረከዜ ተላጠብኝ። ዛሬ ጅራትነቱን ለጋሼ የለቀቅኩትም ለዚሁ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ጅራት እኔ ነበርኩ።»

ኢንስፔክተሯ ከዚህ በኋላ ጉልበቷን እየረገመች ወደ ጫካው ተመለሰች። እስከ ስምንተኛው መገንጠያ ድረስ ሄዳ አየች። ስትመለስ ሦስት የተላጡ እንጨቶች በጨርቅ ጠቅልላ ይዛለች። ሦስቱን ተጓዦች አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ከጋሼ እንጀምር» አለች። «ቀስት ማፍረስ የጅራት ሥራ ነው። ገዳዩ እሳቸው ቢሆኑ አፍርሰው ‹አሥራ አንድ› ይሉ ነበር፤ ማን ይጠይቃቸዋል? ራሳቸውን የሚያስጠረጥር ቁጥር በሰው ፊት ጮኸው አይናገሩም። ስለዚህ እውነታቸውን ነው፤ ሲደርሱ ቀስቱ አልነበረም።»

ሳጅኑ አቀረቀረ።

«አንተ ደግሞ» አለች ወደ ሾፌሩ ዞራ፤ «አምስት ተኩል ላይ እዚህ ነበርክ፤ የቤቱ ጠባቂ አይቶሃል። አጎትህ አምስት ሰዓት ላይ ‹ጫካው አፍ ደርሻለሁ› ብሎ ለእናትህ መልእክት ልኳል፤ ስልኩ ላይ አንብቤዋለሁ። ከዚያ እስከ መገንጠያው አንድ ሰዓት ያስኬዳል። እዚያ የደረሰው ስድስት ሰዓት ላይ ነው ማለት ነው። ከመገንጠያው እዚህ ግማሽ ሰዓት ነው። ሰባት ሊሆን ሃያ ጉዳይ ላይ የደረሰው ማነው?»

ጨርቁን ፈትታ ሦስቱን እንጨቶች ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ጋሼ በየቦታው ቀስቱን በእግራቸው ጠልዘው ነው ያለፉት፤ አንዱ እንጨት አንድ ቦታ፣ ሌላው ሌላ ቦታ። እነዚህን ግን በግራ ባለው፣ ወደ ገደሉ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቁጥቋጦ ሥር አገኘኋቸው። ጎን ለጎን ተደርድረው፣ ወፍራም ጫፋቸው ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሮ።»

የሁሉም ዓይን ወደ ኩባያዎቹ ሄደ። ፋርማሲስቷ እጇን ከጠረጴዛው ላይ አነሣች።

«ጫማዎን ያውልቁልኝ» አለቻት ኢንስፔክተሯ በለሆሳስ።

አላወለቀችም። «አልተላጠም» አለች።

ኢንስፔክተሯ ወረቀቱንና ካርቶኑን አወጣች። «የሐኪሙ ማዘዣ ለሟቹ ሚስት አንድ መድኃኒት ያዛል። የእርስዎ ማኅተም ያለበት ካርቶን ሌላ ነው። ሴትየዋ አምና ሞታለች። ይህን ሊናገር ነበር፣ አይደል?»

«ነገ ጠዋት ልከስሽ እሄዳለሁ አለኝ። ተሳስቼ ነው እኮ፤ ሁለቱ ካርቶኖች ይመሳሰላሉ። ልለምነው ነበር የጠበቅኩት።»

«ለልመና ቢሆን መንገዱ ላይ ይጠብቁት ነበር። መንገዱን እንደማያውቅ ያውቃሉ፤ ቀስቱን ወደ ገደሉ አዙረውታል።»

ፋርማሲስቷ ዓይኗን ወደ እንጨቶቹ መለሰች። «ከገፋሁት በኋላ ወደ ቀኝ ልመልሰው ነበር ሐሳቤ» አለች በመጨረሻ። «እጄ ለምዶበት ሰበሰበው። ወደ ቁጥቋጦው ስከታቸው እንኳ አልታወቀኝም።»

ሳጅኑ ካቴናውን አወጣ። እሷን ይዞ ሲወጣ ወደ አናጢው ሊያይ አልደፈረም።

ሾፌሩ በተቀመጠበት ቀረ። «ጋሼ፣ ፖሊስ ፊት ገዳይ ብዬሃለሁ» አለ። ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። እናቱ ነበረች፣ የሟቹ እህት። ልጁ እያየው ማንሣት አቃተው።

አናጢው ጥቂት ጠብቆ ስልኩን ወሰደና ጆሮው ላይ አደረገ።

«እህቴ፣ እኔ ነኝ» አላት። «አዎ፣ ልጅሽ አጠገቤ ነው፤ ደህና ነው። አንቺ ግን መጀመሪያ እስቲ ቁጭ በይልኝ።»