በአንድ ስልክ ዘጠኝ ሰው

እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ የልጅ ልጄ የናፊያ ሥራ እስኪገባኝ ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። የምትጽፈው ለሰው አይደለም፤ ኤአይ ለሚሉት ሰው ሠራሽ አእምሮ ነው። የአንድ የዓይን ክሊኒክ ቀጠሮ የሚይዘው ኤአይ፣ መመዝገቢያ፣ መፈለጊያ፣ መሰረዣ የሚባሉ የሶፍትዌር መሣሪያዎች አሉት። የትኛውን መቼ እንደሚጠቀም፣ የትኛውን መቼ እንደማይነካ ናፊያ ጽፋ ካላስረዳችው አያውቅም። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተሯ ላይ ተደፍታ ትውላለች። ዓይኗ እንዳይደክም እሰጋለሁ፣ ወገቧ እንዳይጎብጥ እሰጋለሁ። ስጋቱ ራሱ አድክሞኛል።

ከነስሮ ጋር ያገናኛት የመብራት መጥፋት ነው። ግንብ ውስጥ ያለው ሰፈራችን ጁገል ሁለት ቀን በጨለማ ሲቆይ፣ ፈረስ መጋላ ገበያ ያለ አንድ ቅመም ቤት ሶላር አለው ሲሏት ኮምፒውተሯን ይዛ ሄደች። ባለሱቁ ነስሮ ነበር። በርጩማ አቀረበላትና ሥራዋን ጠየቃት።

«እኔም ቀኑን ሙሉ ይኼ ለወጥ ነው፣ ይኼ ለሻይ ነው ስል ነው የምውለው» አላት። «ያንቺ ደንበኛ ግን አይከራከርም።»

«አይከራከርም። ክፋቱም እሱ ነው» አለችው።

ከዚያ ወዲህ መብራት እያለም ቅመም ቤቱ መሄድ አበዛች። ስትመለስ ልብሷ ሄል ሄል ይሸታል፤ ሳልጠይቃት ትስቃለች። ልጁን አጣራሁ። አባቱ የሉም፤ እናቱ ዘምዘም ከከተማ ወጣ ብላ የምትኖር ገበሬ ናት፤ ሁለቱንም ዓይኖቿን ሞራ ጋርዷቸዋል። ጨዋ ልጅ ነው አሉኝ። ቢሉኝም አላረፍኩም።

አንድ ሰኞ ናፊያ ፊቷ አመድ መስሎ ገባች። ነስሮ እናቱን ናፊያ ወደምትጽፍለት ክሊኒክ ለዓይን ቀዶ ሕክምና ወስዷት፣ ስምሽ የለም ተብላ ተመልሳለች። እሷ ብቻ አይደለችም። ከሰፈሯ እሷን ጨምሮ ዘጠኝ ሰዎች ተመዝግበው ነበር፤ ስልክ ስለሌላቸው ሁሉም ያስመዘገቡት የነስሮን ቁጥር ነው። የገጠር ሰው ከተማ ያለ ዘመዱን ስልክ መስጠቱ እዚህ የተለመደ ነው። ናፊያ ግን ስለ መሰረዣው ስትጽፍ፣ ስልኩ አንድ ከሆነ ሰውየው አንድ ነው፣ የቀደመውን ሰርዝ ብላ ነበር። ኤአዩ እንደታዘዘው ዘጠኙን አንድ ሰው አድርጎ ስምንቱን ሰረዘ። ዘምዘም ከስምንቱ አንዷ ናት። ቀጣዩ ተራ ከሦስት ወር በኋላ ነው።

«ልነግረው ነው» አለችኝ።

«ዝም በይ» አልኳት። «ማሽኑ ነው ያጠፋው። ማን ያውቅብሻል?»

«ማሽኑ ምን አጠፋ፣ እማዬ? ያልኩትን ነው የሠራው።»

ልጁን እንዳታጣው ብዬ ነበር። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ሄደች።

ነስሮ እርድ እየመዘነ ነበር አለችኝ። እስክትጨርስ አላቋረጣትም። ከዚያ ገዢው ቆሞ እያየ፣ የመዘነውን እርድ መልሶ ወደ ጆንያው ገለበጠው።

«እናቴ ለዚያ ቀን ብላ እጇን ሂና ተቀብታ ነበር» አላት።

ከዚያ ወዲያ ስልክ የለም፣ ሰላምታ የለም። ናፊያ ክሊኒኩ ድረስ ሄዳ ስምንቱን ሰዎች እንደገና አስመዘገበች። ጽሑፏንም አስተካክላ አነበበችልኝ፤ በአንድ ስልክ ብዙ ሰው ሊመዘገብ ይችላል፤ ስሙን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም፣ ቀበሌውን አመሳክር፤ ከተጠራጠርክ አትሰርዝ፣ ሠራተኛ ጥራ ይላል። ጥሩ ነው አልኳት። እሷ ግን እየከሳች ሄደች። አላልኩሽም ወይ የሚለው ቃል አፌ ላይ እየመጣ ስንት ጊዜ ዋጥኩት።

ሦስት ወሩ አለፈ። የዘምዘም አንድ ዓይኗ ተሠራ መባሉን ሰማን፤ አልሐምዱሊላህ አልን። በሳምንቱ ከዓስር ሶላት በኋላ በር ተንኳኳ። ነስሮ እናቱን ክንዷን ይዞ ቆሟል።

ዘምዘም ሰላምታዋን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ልጅቷ ራሷ ነች የተናገረችው ወይስ ተደርሶባት ነው?»

«ራሷ ናት» አልኩ። ምን እንደያዘኝ አላውቅም፤ ጨመርኩበት። «ዝም በይ ያልኳት እኔ ነኝ።»

ዘምዘም ሳቀች። «እኔስ ብሆን ለልጄ ሌላ ምን እለው ነበር?» አለች። «ይኼ ሰውዬ ሦስት ወር ሙሉ ፊቴ ተቀምጦ ሲያኮርፍ ከርሟል። ዓይኔ ባያይም ኩርፊያ ይታወቀኛል። ለማን ብለህ ነው ስለው፣ ላንቺ ብዬ ነው አለኝ። ተው ልጄ፣ በእኔ ዓይን አታሳብብ አልኩት።»

ነስሮ አንገቱን ደፋ።

«ነይ ቅረቢ» አለቻት ናፊያን። «አንደኛው ዓይኔ ገና ነው፤ ከሩቅ አልለይም።» ናፊያ ቀረበች። ዘምዘም ጉንጯን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ አየቻት። «ከስተሻል።»

«በጣም ከስታለች» አለ ነስሮ ከበሩ ሆኖ። ማንም አልጠየቀውም። «በየቀኑ ወደ ሱቄ ሳታይ ስታልፍ አያታለሁ።»

ናፊያ ዞራ አየችው።

ነስሮ የላካቸው ሽማግሌዎች ዓርብ መጡ። ልጅቷን ስጡን ሲሉ እሺ አልኩ፤ ስጋቴን ለራሴ ያዝኩት።