ገመድ የሌላት ማውስ

ይህን ታሪክ ከማንም አልቀዳሁትም። አክስቴ አስካለማርያም በገዛ አፏ የነገረችኝ ነው። እሷ ደግሞ ለቀልድ እንኳ የማትዋሽ ሴት ናት፤ በዚህ ጠባይዋ ብዙ ዘመድ አስቀይማለች።

ካላመናችሁ አልፈርድባችሁም። እኔም መጀመሪያ ስቄባት ነበር...

ሳቄ የቆመው መጨረሻውን ስትነግረኝ ነው።

ዘመኑ የደርግ ጊዜ ነው። ኅዳር 1983 ዓ.ም.። ቦታው ደብረ ብርሃን። ሰዓቱ ደግሞ ሌሊት እንዳይመስላችሁ። ምሳ ተበልቶ፣ ሰው ወደ ሥራው በተመለሰበት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው።

አክስቴ ያኔ የሃያ ስድስት ዓመት ሴት ናት። ለገበሬ የዘር እህል በሚያከፋፍል አንድ የዕርዳታ ጽሕፈት ቤት ውስጥ ጸሐፊ ነበረች። የድርጅቱን ስም ተዉት፤ ዛሬ የለም።

በዚያ ሰሞን ለጽሕፈት ቤቱ ኮምፒዩተር መጣለት። ለከተማው ብርቅ ስለነበር ሰው ሰበብ እየፈለገ ሊያየው ይመጣ ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ ሁለት ማውስ ተገኘ። አንደኛዋ ገመድ አላት። ሁለተኛዋ ገመድ የላትም፤ የምትሠራው በባትሪ ድንጋይ ነው። እሷ ስትንቀሳቀስ ከስክሪኑ አጠገብ የሚቀመጥ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ያያትና ለኮምፒዩተሩ ይነግራል።

ሾፌሩ ሸሪፍ አንስቶ አገላበጣት። የአሊዩ አምባ ሰው ነው፤ በዕድሜ ከአክስቴ ይበልጣል።

«አይጥ ናት አላችሁኝ። የዚችኛዋ ጭራ የታለ?»

«ያለ ጭራ ነው የምትሠራው፣ ጋሽ ሸሪፍ።»

«ታዲያ ማን እንደያዛት በምን ይታወቃል?»

ሁሉም ሳቁ። እሱ አልሳቀም።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ጓድ ገብረአማኑኤል ጥንቁቅ ሰው ነበሩ። «ጓድ አስካለማርያም፣ ሁለቱንም ሞክሪና አስተያየትሽን ጻፊልኝ። ለአንኮበርና ለአሊዩ አምባ ቅርንጫፎች የተሻለችዋን እናዛለን» አሏት።

አክስቴ ሥራ ሲሰጧት ቀልድ አታውቅም። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፍላ መጻፍ ጀመረች።

ባለ ገመዷ፦ ገመዷ አጭር ነው። የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እየተያዘ እጅ ይጎትታል። ግን አታስቸግርም፤ ሰክቶ መሥራት ነው።

ገመድ የሌላት፦ እንደ ልብ ትሄዳለች። ድንጋይ ትጨርሳለች። በእሷና በሳጥኑ መካከል ብርጭቆ እንኳ ከቆመ ቀጥ ትላለች።

እውነቱን ለመናገር፣ ልቧ የወደደው ገመድ የሌላትን ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም።

ኮምፒዩተሩ ላይ የምታስገባው የአንኮበርንና የአሊዩ አምባን ገበሬዎች ስም ነው። ቤተሰብ በቤተሰብ፣ ከነዕድሜያቸው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል። እህሉ የሚታደለው በነፍስ ወከፍ ነው። በዚያ ወር ግን ሌላ ወሬ ተሰማ። የዝርዝሩን ቅጂ የብሔራዊ ውትድርና መልማዮች ሊወስዱት ነው።

የአክስቴ ታናሽ ወንድም፣ አጎቴ ዘርአ ዳዊት፣ ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዲያቆን ነው። አንኮበር፣ በአባታቸው በመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ቤት፣ ጓዳ ውስጥ ከተደበቀ ሁለት ወር ሆኖታል።

ከገበሬ ማኅበሩ የመጣው ወረቀት «አራት ሰው» ይላል። ሦስት ብታደርገው ያጣራሉ፤ አባቷ ይታሰራሉ። በስሙ ብታስገባው ልጁን ያፍሱታል።

ስለዚህ በክርስትና ስሙ አስገባችው።

ወልደ ሰንበት። ዕድሜ 61።

የክርስትና ስም እኛ ዘንድ ለሁሉም አይነገርም። ቄሱ ያውቀዋል፣ ወላጅ ያውቀዋል። ጎልቶ የሚጠራው ሰውየው ሲጠመቅና ሲሞት ነው። ማን አውቆ ይፈልገዋል ብላ ተማመነች።

ብልጠት መስሏት ነበር...

ሰኞ ከሰዓት ወረቀት ልታመጣ ከወንበሯ ተነሳች። ስትመለስ ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ከተወችበት ቦታ የለችም። ወደ ዝርዝሩ መሃል ወርዳለች።

አንድ ስም ጠቁሯል። ማውሷን ተጭነው ሲመርጡት እንደሚጠቁረው ማለት ነው።

ወልደአረጋይ። ዕድሜ 58።

እጄ ነክቷት ይሆናል ብላ አለፈችው።

ማክሰኞ ከሰዓት እየሠራች ሳለ ቀስቷ ቀጥ አለች። ማውሷን ብትገፋ አትሄድም። በማውሷና በሳጥኑ መካከል አየች።

ጠረጴዛው ባዶ ነው።

ብርጭቆ የለም። ወረቀት የለም። መሃል ላይ የማይታይ ነገር የቆመ ይመስል ነበር...

እጇን አነሳች። እጇን ስታነሳ ቀስቷ ሄደች። ብቻዋን። አምስት ስም ዘለለችና አንዱን አጠቆረች።

ገብረአብ። ዕድሜ 63።

አክስቴ ማሽኑ ተበላሽቷል ብላ ወረቀቷ ላይ «ገመድ የሌላት አንዳንዴ ትስታለች» ብላ ጻፈች። እንዲህ ያለች ሴት ናት።

ረቡዕ ከምሳ በኋላ ሸሪፍ ከአንኮበር ተመለሰ። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሳይቀመጥ ቆመ።

«ምነው፣ ጋሽ ሸሪፍ?»

«አንኮበር በሁለት ቀን ሁለት ቀብር።»

«ማን ሞተ?»

«ልጆች። ተደብቀው የነበሩ ልጆች ናቸው። ከጓዳ ወጥተው ገደል ገቡ። በቀን። በጉም።»

«ስማቸው ማነው?»

«የቤት ስማቸውን አላውቅም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆሜ ቄሱ ሲጠሩ ሰማሁ። አንዱን ወልደአረጋይ አሉት። የዛሬውን ገብረአብ።»

አክስቴ ብዕሯን አስቀመጠች። 

«ዕድሜያቸው... ስንት ነው?»

«ሃያ አይሞላቸውም።»

ያኔ ገባት። ብልጠቱ የእሷ ብቻ አልነበረም። ሌሎች እናቶችም ለመዝጋቢው የልጆቻቸውን የክርስትና ስም ሰጥተው ዕድሜ ጨምረዋል። ለሙታን የሚጠራው ስም በሕያዋን ዝርዝር ላይ ተጽፏል።

ሸሪፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአንደኛው እናት ምን አለች መሰለሽ... ከደጅ ተጠራ አለች። በክርስትና ስሙ። ሦስቴ። አቤት ብሎ ወጣ።»

«ማን ጠራው?»

«ድምፁ የእኔ ነበር አለች። የራሷ። እሷ ግን አጠገቡ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትል ነበር።»

«አሊዩ አምባስ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ እኛ ጋ ማንም አልሞተም። እኛ ያለን አንድ ስም ነው።»

አክስቴ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

ቀስቷ እየሄደች ነበር።

ማውሷን ገልብጣ የባትሪ ድንጋዮቹን አወጣች። ሁለቱን ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው።

ቀስቷ አልቆመችም...

በየመስመሩ እየወረደች ነው። ቀስ ብላ። አባቷ መጽሐፍ ሲያነቡ ጣታቸውን ከፊደሉ ሥር እንደሚያስኬዱት። የአባቷ ቤት አራት መስመር ቀርቶታል።

«አዑዙ ቢላህ» አለ ሸሪፍ በሹክሹክታ። «ንቀዪው።»

የጥቁሩን ሳጥን ሽቦ ከኮምፒዩተሩ ነቀለችው። ቀስቷ ቆመች።

ባለ ገመዷን ሰካች። ማሽኑ ግን አዲስ ማውስ ሲሰካለት ጠፍቶ መነሳት ነበረበት። ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። አክስቴ በሕይወቴ እንደዚያ የረዘመ ሁለት ደቂቃ አላየሁም ትላለች።

ስክሪኑ በራ። ዝርዝሩን ከፈተችው።

ወልደ ሰንበት ከሚለው ስም ላይ «ወልደ» ጠቁሯል።

«ሰንበት» ገና ነው።

በዚሁ መሃል ጓድ ገብረአማኑኤል በሩን ከፈት አድርገው ብቅ አሉ። «ጓድ አስካለማርያም፣ መልማዮቹ ግቢ ውስጥ ናቸው። ዝርዝሩን አትሚው» ብለው ተመለሱ።

«ሰርዢው» አለ ሸሪፍ።

«ከሰረዝኩት ቁጥሩ ይጎድላል። አባዬን ያስሯቸዋል።»

«ታዲያ?»

«ሌላ ውሸት አልጨምርበትም። በስሙ እጽፈዋለሁ። በዓለም ስሙ።»

«ይወስዱታል እኮ፣ አስካለ።»

«ይውሰዱት። ወታደር ይመለሳል። ከገደል ማን ተመለሰ?»

ማውሷን ወደ ስሙ ሳበች። ገመዱ ተወጠረ። ጠርዙ ላይ ተይዞ ይሆናል ብላ አየች፤ አልተያዘም። ገመዱ አየር ላይ እንደ ክር ተገትሯል። በሁለት እጇ ይዛ ጎተተችው... ለቀቃት።

ስሙን አጠፋችው። ዘርአ ዳዊት፣ ዕድሜ 19 ብላ ጻፈች። ከዚያ አተመችው። ማተሚያው ሲንጫጫ ድምፅ ሳታሰማ አለቀሰች።

ማታ ወደ ቤቷ ከመሄዷ በፊት አስተያየቷን ጨረሰች። «ባለ ገመዷ ትሻላለች። የያዛት ሰው ይታወቃል።» ጓድ ገብረአማኑኤል አንብበው ፈረሙበት። ለሁለቱም ቅርንጫፎች ባለ ገመድ አዘዙ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የምልምሎቹ መኪኖች ከአንኮበር መጥተው ደብረ ብርሃን ለነዳጅ ቆሙ። አክስቴ አንድ ብርድ ልብስ ገዝታ ሮጠች። ወንድሟ ሦስተኛው መኪና ላይ ነበር።

«ዘርአ ዳዊት» ብላ ጠራችው።

«አቤት፣ እትዬ።»

በሕይወት አለ። በስሙ ጠራችው፤ በስሙ አቤት አላት። ብርድ ልብሱን አቀበለችው፤ እሱም አጎንብሶ ጆሮዋ ሥር አንሾካሾከ።

«እትዬ... ረቡዕ ከሰዓት እኛ ቤት መጥተሽ ነበር?»

«አልመጣሁም።»

«ከደጅ ጠርተሽኝ ነበር እኮ። በክርስትና ስሜ። ሁለቴ... ሦስተኛውን ከመሃል አቋረጥሽው።»

«አቤት አልክ? ንገረኝ። አቤት አልክ?»

መኪናው ተንቀሳቀሰ። አፉ ሲከፈት አየች። ያለውን ግን አልሰማችም።

ስድስት ወር ወሬው ጠፋ። ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ። ወታደሩ በእግሩ እየተጓዘ በየመንገዱ ወደየቤቱ ተመለሰ። ሰኔ ሲገባ፣ ዝናቡ በጀመረ ሰሞን፣ ዘርአ ዳዊትም አንኮበር ገባ። ከስቷል እንጂ አካሉ ጤነኛ ነው። እናቱ መሬት ሳመች። አክስቴ ከደብረ ብርሃን በመጀመሪያው መኪና ወጣች።

በሩ አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። አቀፈችው። አላቀፋትም።

«ዘርአ ዳዊት» አለችው።

አልዞረም።

«የመድፍ ድምፅ ጆሮውን ጎድቶት ነው» አለች እናቷ። ጓዳ ውስጥ ማንኪያ ሲወድቅ ግን ዞር አለ። ዶሮ ስትጮህ ዞር አለ። ስሙ ሲጠራ ብቻ ነው የማይሰማው።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ቀን ተቀመጠ። ያቀረቡለትን ይበላል። አይናገርም። አይተኛም። ከበሩ አጠገብ አይነሳም።

በሦስተኛው ቀን፣ ከሰዓት፣ ጉሙ እስከ ደጁ ወጣ። ከበሩ ማዶ ያለው ገደል አይታይም። መሪጌታ ልጃቸውን ትኩር ብለው አዩት። ስለ ረቡዕ ከሰዓቱ ከአክስቴ ሰምተዋል። አስበው አስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠሩት።

«ወልደ ሰንበት።»

በሩ አጠገብ የተቀመጠው አልተንቀሳቀሰም።



ከዚያ ከደጅ፣ ከገደሉ ሥር፣ ከጉሙ ውስጥ፣ አንድ የደከመ ድምፅ መለሰ።

«አቤት፣ አባዬ።»

የአጎቴ ድምፅ ነው። አክስቴ እስከ ዛሬ ትምልበታለች። እናቷ ወደ በሩ ልትሮጥ ብድግ አለች።

«አባዬ... እዚህ ነኝ። መንገዱ አልታየኝ አለ።»

ያን ጊዜ በሩ አጠገብ የነበረው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያቸው። ቀስ ብሎ ተነሳ።

ከዚያ በሩን ከውስጥ ዘጋው።