ባዶ መሆን የነበረበት መስመር

ካሳሁን የተገኘው ከሬዲዮ ቴሌስኮፑ ትልቅ ሳህን ሥር፣ በምዕራብ በኩል፣ በጀርባው ተዘርሮ ነው። አንገቱ ተሰብሯል። ከወገቡ በታች በረዶ ተከምሮበታል፤ መጥረጊያም ከጎኑ ወድቋል።

ኮማንደር እቴነሽ ከደብረ ታቦር የደረሰችው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ጣቢያው ወደ ጉና በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ነፋስ በማይለየው ኮረብታ ላይ ብቻውን ቆሟል። ሠላሳ ዓመት ሬሳ ስታይ የኖረች ሴት ብትሆንም አንድ ቦታ መቆም አልሆነላትም። ሬሳውን ሁለት ጊዜ ዞረችው፤ ጎንበስ ብላ ኮቱን ዳሰሰች። ትከሻው ደረቅ ነው፤ ቆቡም ደረቅ ነው። ከኪሱ ቀይ ክር የታሰረበት ቁልፍ አወጣች።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የሞተሩ ቁልፍ» አለ የጣቢያው ኃላፊ ዶክተር በላይነህ፣ የኮቱን ቁልፎች እየከፈተና እየዘጋ። «ወደ ሳህኑ የሚወጣ ሰው ነቅሎ በኪሱ ይይዘዋል። እሱ እስኪወርድ ድረስ ማንም ሊያዞረው አይችልም፤ ደንባችን ነው። ስለዚህ ነገሩ ግልጽ ነው፤ ከመሰላሉ ወድቋል። መሰላሉን የበየደው ደግሞ ያውላችሁ!»

ጣቱ ያመለከተው የጣቢያውን መካኒክ ኑሩን ነበር። ሁለት ፖሊሶች እጁን በካቴና አስረውታል።

«ወላሂ፣ እሜቴ፣ የእኔ ብየዳ በሬ ይሸከማል!» አለ ኑሩ። «አራት ልጆች አሉኝ። እኔን ካሰራችሁ የታሰሩት እነሱ ናቸው።»

እቴነሽ ጫማዋን አውልቃ መሰላሉን ያዘች።

«ኮማንደር፣ በዚህ ዕድሜዎ!» አለ በላይነህ።

«ዕድሜዬን ማን ጠየቀዎት?»

እያንዳንዱን እርከን እየረገጠች እስከ ጫፉ ወጣች፤ ወረደች። አንዱም አልተነቃነቀም።

«በረዶው ሲወርድ የት ነበርክ?» ስትል ኑሩን ጠየቀችው።

«ጄኔሬተር ቤት ነበርኩ፤ መብራት ሄዶ ነበር። በረዶው ካቆመ በኋላ ጋሽ ካሳሁን መጥረጊያ ይዘው ሲያልፉ አየኋቸው። ‹ና አግዘኝ› አሉኝ። ‹ይህን የሚያለቅስ ማሽን ለማን ልተወው?› ብላቸው ሳቁብኝ። ቀጥሎ የሰማሁት ጩኸታቸውን ነው። ሮጬ ስደርስ እንዲህ ሆነው አገኘኋቸው።»

በስሌት ክፍሉ ወጣቷ ተመራማሪ ሠናይት እርሳሷን ጫፍ ጫፉን እየነከሰች ትንጎራደዳለች።

«እዚህ የምትለኩት ምንድን ነው፣ ልጄ?»

«ብሌዛር የሚባሉትን ነው። እጅግ የራቁ የጋላክሲ እምብርቶች ናቸው፤ ከፍተኛ ኃይል ያለው ጨረር ይተፋሉ። አንድ ሰሞን ይደምቃሉ፤ ሌላ ሰሞን ይደበዝዛሉ። ዕረፍት የላቸውም። ጋሽ ካሳሁን በሳምንት ሁለት ቀን፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለኳቸው። ዶክተር በላይነህ ስም ያገኙት ከዚያ መዝገብ ነው፤ የእኔም የዶክትሬት ጥናት የቆመው በእሱ ላይ ነው።»

«ሟቹ ተጣልተውሽ ያውቃሉ?»

ሠናይት አንገቷን ደፋች። «ትናንት ጮኹብኝ። መንገድ ተዘግቶ ጣቢያው በጨለመባቸው ሦስት ወራት ምንም እንዳልተለካ በማስታወሻቸው አለ፤ በመዝገቡ ግን ወራቱ ሞልተዋል። ‹ማን ሞላው? ለዓለም ሁሉ እጽፋለሁ!› አሉ። እኔ የተቀጠርኩት አምና ነው፤ ምን አውቄ!»

በመጨረሻ በላይነህን ጠየቀችው።

«ከስምንት ሰዓት ጀምሮ ሳህኑን እኔው ራሴ ወደ ምዕራብ አጋድዬ ልኬት ጀምሬ ነበር» አለ። «ካሳሁን ዘጠኝ ተኩል ላይ ቁልፉን እስኪነቅል ድረስ ሳህኑ ያለማቋረጥ ለክቷል። መዝገቡ ይኸውልዎት።»

እቴነሽ ወረቀቱን ተቀብላ፣ ሠናይትን አንድ ሌላ ወረቀት አስፈልጋ፣ ሁሉንም መቆጣጠሪያ ክፍል ሰበሰበች። ማንም አልተቀመጠም።

«ሁላችሁም እንደነገራችሁኝ በረዶው ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወርዶ ሩብ ሰዓት ቆየ» ስትል ጀመረች። «የሟቹ ትከሻና ቆብ ደረቅ ነው። ስለዚህ የወጡት በረዶው ካቆመ በኋላ ነው፤ ኑሩ አልዋሸም። ታዲያ እግራቸውን የቀበረው በረዶ ከየት መጣ? ሰማዩ አቁሟል።»

«ከሳህኑ!» አለች ሠናይት።

«ከሳህኑ። ግን የተጋደለ ሳህን በረዶ አይዝም፤ እንደወረደ ይንሸራተታል። ያን ያህል የሚያጠራቅመው ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ሲያይ ነው።»

«ነፋስ ሲነሣ ጋሽ ካሳሁን ሁልጊዜ ያቀኑታል» አለ ኑሩ።

«ዛሬም አቀኑት። ቁልፉን በኪሳቸው ከተው በረዶውን ሊጠርጉ ውስጡ ገቡ። ያን ጊዜ ሳህኑ ከነበረዶው፣ ከነሰውየው ተጋደለ።»

«በምን ቁልፍ?» አለ በላይነህ።

«ኑሩ፣ ስንት ቁልፍ ነበረው?»

«ሁለት። አንዱ ኃላፊው ዘንድ ነበር። ጠፋ አሉን።»

«ጠፍቷል እኮ!» አለ በላይነህ። «ማንም ሊያገኘው ይችላል፤ ይህችም ልጅ ብትሆን…»

«እኔ?» አለች ሠናይት፤ እርሳሱ ከእጇ ወደቀ።

እቴነሽ ሁለቱን ወረቀቶች አቀበለቻት። «አንዱን በሌላው ላይ ደርበሽ ወደ መስኮቱ ያዢው። የላይኛው የዛሬው ነው፤ የታችኛው ከጨለሙት ወራት የአንዱ ነው።»

ሠናይት ወደ ብርሃኑ አነሣችው። የመስመሩ እያንዳንዱ ከፍታና ዝቅታ በሌላው ላይ ልክክ ብሎ ተቀመጠ። «አንድ ነው» አለች በሹክሹክታ። «ብሌዛር ራሱን እንዲህ አይደግምም።»

«ዛሬ ሳህኑ ቀጥ ብሎ ሳለ ምዕራብን ሊለካ አይችልም። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ አጋድያለሁ ብለው ይህን ወረቀት የሰጡኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፣ ዶክተር። ኑሩ በሩጫ ስለደረሰ ሳህኑን ለመመለስ ጊዜ አጡ፤ ስለዚህ መጀመሪያም ተጋድሎ ነበር ለማለት የድሮውን መስመር ገልብጠው ባዶውን እንደለመዱት በሐሰት ሞሉት። ትናንት የሟቹን ጩኸት ከዚያ ግድግዳ ወዲያ ሰምተዋል።»

በላይነህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተቀመጠ። ከውስጥ ኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

«ሦስት ወር ብቻ ነበር የጎደለው» አለ። «ጎዶሎ መዝገብ ማን ያከብራል? ካሳሁን ደግሞ ለዓለም ይጽፍ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት በሦስት ወር ሊፈርስ!»

«እኝህ ሰው ባዶውን ባዶ ብለው ጽፈው ነበር» አለች እቴነሽ። «መዝገቡ የሚከበረው በእሳቸው ነበር።»

ካቴናው ከኑሩ እጅ ወደ በላይነህ እጅ ተዛወረ። ሠናይት ኮምፒውተሯ ፊት ቁጭ አለች። ሦስቱን ወራት አንድ በአንድ ስትሰርዝ ረጅሙ መስመር መሐሉ ላይ ተበጠሰ፤ የዶክትሬት ጥናቷም ከእሱ ጋር።

«ምን ተረፈሽ?» አለቻት እቴነሽ።

«ጋሽ ካሳሁን የለኩት።»

ኑሩ ይህን አልሰማም። ሳህኑ አጠገብ ስልክ ስለማይፈቀድ ቁልቁለቱን እየተንደረደረ ወርዶ በሩ ዘንድ ደርሷል። ለሚስቱ ደወለ።

«ከድጃ፣ ልጆቹን አታስተኚያቸው፤ መምጣቴ ነው።»